ቆዳን ሳይበሳ ወደ አካል ስለሚገባ ኃይል

ከጅጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘውን ሐርተሼክን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋት ይሆናል። በ1988 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ በጦርነት የተሰደደው ሕዝብ በዚያ ሰፈረ። እስከ 2004 በቆየው በዚያ ሠፈር ውሃ እጅግ ያጥር ስለ ነበር በቦቴ መኪና ይጫን ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለዛሬው ነገራችን የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው። መስማት ለተሳነው ሰው በቀዶ ሕክምና በውስጥ ጆሮው የሚቀበር መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ባትሪ የለውም፤ የሚሠራበትን ኃይልና የሚያሰማውን ድምፅ በአንድነት ከውጭ፣ በተዘጋ ቆዳ በኩል ይቀበላል።

ሚካኤል ፋራዴይ በአንድ ጥቅል ሽቦ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ በሌላ፣ በማይነካው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ ያስረዳው በ1831 ነው። ሐኪሞች ይህን የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቆዳን በስቶ የሚወጣ ሽቦ ለቁስል ማመርቀዝ በር ይከፍታልና።

በየካቲት 1957 በፓሪስ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤይሪዬስ የተባሉ ሐኪሞች ፈጽሞ መስማት በተሳነው ሰው ጭንቅላት ከቆዳው ሥር ጥቅል ሽቦ ቀበሩ። ሰውዬው የፌንጣ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ሰማ፤ በልምምድም ጥቂት ቃላትን ለየ። ዳሩ ግን ሽቦው ተበጠሰ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ፤ ኤይሪዬስም ሦስተኛ ለመቅበር እምቢ አለ።

በጥቅምት 1958 ደግሞ በስቶክሆልም ኦከ ሴኒንግ፣ ሩነ ኤልምክቪስት የሠራውን የልብ ምት መቆጣጠሪያ በአርነ ላርሶን አካል ቀበረ። መሣሪያው የተቀረጸው፣ ነገሩ ያስገርማል፣ በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር፤ ባትሪውም ከቆዳ ውጭ በሚደረግ ጥቅል ሽቦ ይሞላ ነበር። የመጀመሪያው ከጥቂት ሰዓታት በላይ አልሠራም፤ ላርሶን ግን ከ20 በላይ መሣሪያዎች ተለዋውጠውለት እስከ 2001 ኖረ። ለልብ የሚያስፈልገው ኃይል ጥቂት ስለ ሆነ ከ1970ዎቹ ወዲህ ብዙ ዓመት የሚቆይ የሊቲየም ባትሪ ተበጀለት፤ ከውጭ መሙላቱም በአብዛኛው ቀረ።

የጆሮው ግን እንዲህ አይደለም። ንግግር በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከጆሮ ጀርባ በመግነጢስ የሚጣበቀው የውጭ ጥቅል ሽቦ ኃይሉንና መልእክቱን ሳያቋርጥ መላክ አለበት።

በማጅራት ገትር መስማት የተሳነው ሕፃን ውስጥ ጆሮው በአጥንት ሊደፈን ስለሚችል ቀዶ ሕክምናው መዘግየት የለበትም። ወላጆችና ሐኪሞችም ለዚያ ቀን በብርቱ ይደክማሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የመለዋወጫ ጉዳይ ነው፤ በየቢሮው የግዥ ሰነድ የምታዘጋጁ አንባብያን ዋናው ዕቃ ሲገዛ መለዋወጫው እንዴት እንደሚረሳ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የውጩ ክፍል ባትሪው በየጊዜው ይሞላል፤ ላብና አቧራ ይጎዳዋል፤ ቀጭኑ ሽቦው ይበጠሳል። ልጁ የሐርተሼክ ልጅ ቢሆን፣ ሽቦው በተበጠሰ ቀን በጆሮው የተቀበረው መሣሪያ ምንም ሳይጎድለው ዝም ይላል፤ ምትኩ ከሩቅ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ልጁ በክፍል ውስጥ የመምህሩን ከንፈር ብቻ ያያል።