የትኛው ራስ ኃይሉ?

ጎጃም ውስጥ ወሬው ወደ ድሮ ዘመን ሲያዘነብል ራስ ኃይሉ ሳይነሱ አይቀሩም። አንዱ ግፋቸውን ሲያወራ ሌላው ጀግንነታቸውን ያነሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ እንደነበሩ ይናገራል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፤ ያወሩት ግን ስለ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጎጃም በዚህ ስምና በዚህ ማዕረግ የተጠሩ ሦስት ሰዎች አስተዳድረውታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት አንደኛው ከጣሊያን ጋር ሲቆሙ ሌላኛው በዱር በገደሉ ጣሊያንን ተዋግተዋል። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ መምታታቱ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይመስለኝም፤ የአርበኛው ውለታ ከባንዳው ዕዳ ጋር ይቀላቀላልና።

የመምታታቱ ምክንያት አንድም ከስም አወጣጣችን ይመነጫል። እኛ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ የራሱን ስም ይይዛል፤ የአባቱ ይከተላል፤ ቅጽ ላይ «ስም ከነአያት» ሲባል ደግሞ አያቱ ይጨመራሉ። የጎጃምን የመሳፍንት ቤት ብንወስድ ደጃዝማች ጎሹ የዘውዴ ልጅ ናቸው፤ ጎሹ ዘውዴ። ልጆቻቸው ብሩ ጎሹና ተሰማ ጎሹ ተባሉ። የተሰማ ልጅ አዳል ተሰማ ሆኑ። አዳል ሲነግሡ ተክለ ሃይማኖት ስለተባሉ ልጆቻቸው በዛብህ፣ በለውና ኃይሉ የአባታቸውን የንግሥ ስም ይዘው ቀሩ። አንድ ቤት፣ አንድ ሥልጣን፣ አንድ ርስት፤ በየትውልዱ ግን ሌላ የአባት ስም። እንግሊዝ ወይም ጀርመን ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንድ የቤተሰብ ስም ይታወቁ ነበር።

ጎጃም እንዲህ ያለውን ስም ያልፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር። ገበሬው መሬቱን ለማስከበር ሸንጎ ፊት ሲቆም የዘር ሐረጉን ከራሱ ጀምሮ መሬቱን እስካቀኑት አባት ድረስ ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር፤ ቆጠራው በአባት በኩል ይጀምርና በአያት እናት ይታጠፍ፣ ከዚያ ወደ ሌላ መንደር ይሻገር ነበር። በወንድ መስመር ብቻ የሚሄድ የቤተሰብ ስም ቢኖር ኖሮ የመብቱን ግማሽ ይደብቅበት ነበር። ለጋብቻም ቢሆን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በሁለቱም ወገን ነው። ርስት ለጎጃሜ ምን ያህል እንደነበር በ1960 ዓ.ም. ታይቷል፤ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር «ርስታችንን ሊወስዱ ነው» ብሎ የተጠራጠረው ገበሬ መሣሪያ አንስቷል።

ይሁን እንጂ ጎጃሜ በቃል የሚቆጥረውን ጽሑፍ ይቆርጠዋል። አዛውንቱ «የበለው ልጅ ኃይሉ» ያሉትን ጸሐፊው «ራስ ኃይሉ» ብሎ ያልፈዋል፤ ግርታው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ራስ ኃይሉ፣ ኃይሉ ዮሴዴቅ ናቸው። እናታቸው ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ሲሆኑ ስማቸው ከሞጣ ጊዮርጊስ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ኃይሉ ዮሴዴቅ የጎንደር ነገሥታት ሥልጣን እየላላ ሲሄድ ጎጃምን ይዘው የቆዩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ራስ መርድ ኃይሉም ተከትለዋቸዋል። በዚያው ዘመን ግን ሌላ ኃይሉ ነበሩ፤ ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ። እኚህኛው በ1770ዎቹ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል አሰባስበው ያስጻፉ፣ ዛሬ የዘመኑን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚደገፍባቸው ባለ ውለታ ናቸው። አንዱ ገዥ፣ ሌላው የታሪክ ሰብሳቢ፤ ሁለቱም መኳንንት፣ ሁለቱም «ኃይሉ»። አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ መጻፍ በጣም ቀላል ነው።

ከጎንደር ዘመን ወደ ዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ስንመጣ ደግሞ ጎጃምን ያንቀጠቀጠው የአባት ስም እሱው ኃይሉ ሆኖ እናገኘዋለን። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ተዋግተው የወደቁት ከቋራው ካሳ ኃይሉ ጋር ነው፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት። የጎሹ ልጅ ብሩም በካሳ ኃይሉ እጅ ወድቀው ረጅም የእስር ዘመን አሳልፈዋል። የካሳ አባት ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ሰው ናቸው፤ ከጎጃሞቹ ኃይሉዎች ጋር የሚያገናኛቸው የስሙ መመሳሰል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ንጉሡ እንምጣ። አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ተብለው ሲቀቡ ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ሆነ። በዓመቱ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ እምባቦ ላይ በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተሸንፈው ተማረኩ። በ1880 ዓ.ም. ደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ደርቡሾች ድል አደረጓቸውና ጎንደር ተቃጠለች። በኋላም ዮሐንስ «ከምኒልክ ጋር ዶልተሃል» ብለው በጎጃም ላይ ዘመቱ፤ አገሩም በዚያ ዘመቻ ክፉኛ ተጎዳ። በ1888 ዓ.ም. ግን ተክለ ሃይማኖት ዓድዋ ላይ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ጎን ተሰልፈዋል። መንቆረር የነበረችው ከተማቸው ባሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ዛሬም በከተማዋ በስማቸው የሚጠራ አደባባይ አለ።

አደባባዩ ላይ ቆሞ «ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ያነበበ እንግዳ ማንን ሊያስብ እንደሚችል እንገምት። የደብረ ሊባኖሱ ጻድቅ አሉ። በጎንደር ዘመን በዚህ ስም የነገሡ ሁለት አፄዎች አሉ፤ አንደኛው ከ1698 እስከ 1700፣ ሌላው ከ1761 እስከ 1769 ዓ.ም.። በደርግ ዘመን ደግሞ ሦስተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አሉ፤ የልጅነት ስማቸው መላኩ ነበር። የጎጃሙ ንጉሥና ፓትርያርኩ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ስሙን የያዙት ሲወለዱ ሳይሆን ሲሾሙ ነው። ከንጉሡ ልጆችም ኃይሉ ቀደም ሲል ስዩም ይባሉ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ራስ ሆነው ሲሾሙ የጥንቱን የጎጃም ራስ ስም ያዙ። የድሮው ስማቸው ቢቀጥል ኖሮም ግርታው አይቀርም ነበር፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ከትግራዩ ራስ ስዩም መንገሻ ጋር አብረው ነበሩና።

የሁለተኛውን ራስ ኃይሉ ታሪክ ጎጃም ዛሬም በሙሉ ልብ አያወራውም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲሞቱ ምኒልክ ጎጃምን ከፋፍለው ለተለያዩ ሹማምንት ሰጡት። ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ተራ ደርሷቸው ሲመጡ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ገዙ። ንግድን የሚወዱ፣ ገንዘብ ማከማቸት የሚችሉበት፣ ገበሬውን በግብር ያማረሩ ገዥ ነበሩ። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ኃይሉ የልጅ ኢያሱ ባለቤት ነበረች። በ1924 ዓ.ም. ኢያሱ ከፍቼ እስር እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተያዙ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ እድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። ወረራው ሲመጣ ለጣሊያን አደሩ። ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የጎጃምን አርበኞች ይከፋፍሉልኛል ብሎ ወደ አገራቸው ሰደዳቸው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ በከተማዋ የጠበቋቸው እኚሁ ራስ ኃይሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በቁም እስር ኖረው አረፉ።

ሦስተኛው፣ ኃይሉ በለው፣ የዚያው ንጉሥ የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸው በለው ተክለ ሃይማኖት የራስ ኃይሉ ወንድም ነበሩ። ወረራው ሲመጣ «ልጅ ኃይሉ በለው» ተብለው ዱር ገቡ። ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ከራስ በዛብህ ልጅ ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ከበላይ ዘለቀ ጋር የጎጃምን የአርበኝነት ትግል ከመሩት አንዱ ናቸው። ነጻነት ሲመለስ ጎጃምን አስተዳደሩ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ። በዚህም ጎጃም ሦስተኛውን «ራስ ኃይሉ» አገኘ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1937 ዓ.ም. ጥር ወር ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጋር አዲስ አበባ ላይ የተሰቀሉት ልጅ ማሞ ኃይሉ ናቸው። የሁለተኛው ራስ ኃይሉ ልጅ መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ «የአርበኛው የራስ ኃይሉ ልጅ ከበላይ ጋር ተሰቀለ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ካነበበው የታሪኩ ትርጉም ይገለበጣል፤ ማሞ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር የቆሙ ሰው ነበሩና። በአርበኛነቱ የታወቀው በላይና ለጣሊያን ያደረው ማሞ በአንድ ቀን በአንድ ገመድ ፍርድ ተቀበሉ፤ ብዙ ጎጃሜ ዛሬም በቁጭት የሚያነሳው ይህንን ነው።

አገር ቤት ያለው ግርታ ባሕር ሲሻገር ሌላ መልክ ይይዛል። በውጭ አገር ፓስፖርት ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። ዋሽንግተን የሚኖረው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ በውጭው ዓለም «መርጊያ» ተብሎ ይመደባል፤ ይህ ግን የአባቱ ስም እንጂ የእሱ አይደለም። ጎሹ ዘውዴ፣ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴና ፕሬዚዳንት የነበሩት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ለውጭ ሰው የአንድ ቤት ሰዎች ይመስሉታል፤ የእያንዳንዳቸው አባት ግን ሌላ ሰው ነው። በተቃራኒው ጥሩነሽ ዲባባ፣ ገንዘቤ ዲባባና እጅጋየሁ ዲባባ የአንድ አባት ልጆች ሲሆኑ ዘመዳቸው የሆነችው ደራርቱ ቱሉ ግን ከስሟ ብትታይ ባዕድ ትመስላለች። ቀነኒሳና ታሪኩ በቀለ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሌላ ሺህ በቀለ ግን ዝምድና የለውም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ብዙ ገበሬ አንካሳ ያደረገውን የጓያ ስበራ ያጠኑ የነርቭ ሐኪም ናቸው። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለ ሃይማኖት በ2015 የአውሮፓ አቆጣጠር በቱር ደ ፍራንስ የተራራ አሸናፊውን ባለ ነጠብጣብ ማልያ የለበሰ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። የሁለቱም ስም የደብረ ማርቆሱን ንጉሥ ቢያስታውስም ከቤታቸው አይደሉም።

እንደ እኛ የሚሰየሙ ሩቅ ሕዝቦችም አሉ። አይስላንዳውያን ልጃቸውን በአባት ወይም በእናት ስም ይጠራሉ፤ ከዚያ የመጣችው ድምፃዊት ቢዮርክም የምትታወቀው በራሷ ስም ነው። የአገሪቱ የስልክ መዝገብ እንኳ የሚደረደረው በሰዎቹ የራስ ስም ነው። በሌላው ጫፍ ኮሪያ አለች፤ እዚያ ከአምስት ሰው አንዱ ኪም ተብሎ ስለሚጠራ ሰውን የሚለየው የራሱ ስም ሆኗል። ስለ ኢትዮጵያ በቁም ነገር የሚጽፉ የውጭ የታሪክ ሰዎች ይህንን ገብቷቸው የእኛን ሰዎች በመጽሐፋቸው መጨረሻ በራሳቸው ስም ፊደል ተራ ይዘረዝራሉ። በዚህ ረገድ ከእኛው ብዙ ጋዜጦችና የመታሰቢያ ጽሑፎች ይሻላሉ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚጽፉና ለሚያስጽፉ ነው። የአገራችንን ታሪክ በመንገድ ምልክት፣ በትምህርት ቤት ስም፣ በሙዚየም መግለጫ ወይም በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ስታሰፍሩ «ራስ ኃይሉ» ብላችሁ አታቁሙ። ኃይሉ ዮሴዴቅ፣ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ወይም ኃይሉ በለው በሉ፤ ቦታ ከተረፈ አያትንም ጨምሩ። የጎጃም አዛውንት ለርስት ክርክር ሰባት ትውልድ በቃሉ ይቆጥር ነበር፤ ሁለት ስም መጻፍ አይከብደንም።