ፈንግል የትኛው ነው?

በባሌ ሮቤ የዶሮ ገበያ ውስጥ «ፈንግል ገብቷል» ከተባለ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ገዢው እጁን ይሰበስባል፣ ሻጩም ዋጋ ይቀንሳል። ቃሉ አጭር ነው፤ የተሸከመው ግን ብዙ ነው፤ እኔ እንደማምነው ሊሸከም ከሚገባው በላይ ነው።

ሥሩ ከግሡ አይርቅም። ፈነገለ ማለት ገልብጦ ጣለ፣ ደፋ፣ ዘረረ ማለት ነው። መፈንቅለ መንግሥት ያልንበት ፈነቀለ በድምፅም በትርጉምም ስለሚጎራበተው ዘመዱ ይመስለኛል። በሽታውን በዓይኑ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም። ማታ በደህና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ቆጡ ሥር ተዘርራ ትገኛለች። ያልሞተችውም ክንፏን ጥላ፣ አንገቷ ተቆልምሞ፣ አረንጓዴ ኩስ እየቀዘነች፣ አየር እንዳጠራት አፏን ትከፍታለች። በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ጓሮው ባዶ ይቀራል። የተሰጣ እህል የጫረችባትን ዶሮ «ፈንግል ይድፋሽ!» እያለች የምታባርር እናት የተራገመችው በምታውቀው ሞት ነው።

ዶሮ የሚለው ቃል ራሱ ረጅም ዕድሜ አለው። ግእዙ ዶርሆ ይላል፤ ጴጥሮስን ያስለቀሰው የወንጌሉ ዶሮም በግእዙ ዶርሆ ነው። ትግርኛ ደርሆ ብሎ «ሆ»ን ጠብቆ አቆይቷል፤ አማርኛ እንደ ልማዱ የጉሮሮዋን ድምፅ ጥሎ ዶሮ አለ። በባሌ ደጋ ደግሞ ዶሮዋ በሁለት ቋንቋ ነው የምትጠራው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሉኩ ይላታል፤ ወደ ምዕራብ ኦሮሚያ ሲኬድ ሃንዳቆ ትሆናለች። ስለዚህ አንዲት የጎባ ባለ ዶሮ የደረሰባትን በሁለት ቋንቋ ልታስረዳ ትችላለች፤ በሐኪሙ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ቃል ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ፈንግልን ኒውካስል ከሚሉት በሽታ ጋር ያዛምዱታል። ይህኛው ስም የቦታ ስም ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በኒውካስል ከተማ አካባቢ ዶሮዎች አለቁ፤ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ተመሳሳይ እልቂት ታየ። ተመራማሪው ዶይል ስሙን ያወጣው ለጊዜው ብሎ ነበር፤ ጊዜያዊው ስም ግን እስከ ዛሬ ቆየ። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1878፣ ፔሮንቺቶ የተባለ ጣሊያናዊ በሰሜን ጣሊያን የዶሮ መቅሠፍት ዘግቦ ነበር። በ1901 የዚህ መቅሠፍት መንስኤ ባክቴሪያን የሚያስቀር ማጥለያ እንኳ የማያግደው ረቂቅ ነገር መሆኑ ታወቀ። ኒውካስል ሲመጣ ሁለቱ በምልክታቸው ስለሚመሳሰሉ አንዳንዶች አዲሱን «ሐሰተኛው የዶሮ መቅሠፍት» አሉት። በ1955 ጀርመናዊው ቬርነር ሼፈር የጥንቱ መቅሠፍት ኢንፍሉዌንዛ ኤ መሆኑን አሳየ። ሁለት የተለያዩ የቫይረስ ቤተሰቦች ናቸው ማለት ነው። የተማረው ዓለም እንኳ ስማቸውን ለመለየት ይህን ያህል ከደከመ፣ ሮቤ ገበያ ላይ አንድ ቃል ሁለቱንም ቢሸፍን የሚያስወቅስ አይደለም።

ኢንፍሉዌንዛ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ተጽዕኖ ማለት ነው፣ የከዋክብት ተጽዕኖ። ሕዝብን በአንድ ጊዜ የሚጥል ሕመም ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸው ነበርና። ቫይረስ በላቲን መርዝ ነው። የእኛ ሰው ይህን ሕመም በወሩ ጠራው፤ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን የመታው፣ ራስ ተፈሪንም ያሳመመው የኅዳር በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ያ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ዛሬም ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ ቆሻሻ ይቃጠላል። የዚያ ቫይረስ ቅሪት ከአላስካ በረዷማ መቃብር ከወጣ አስከሬን ተገኝቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ሙሉ የዘር መረጃው ሲነበብ ከወፎች ቫይረስ ጋር የሚዛመድ ሆኖ ተገኘ። የወፍና የሰው በሽታ ታሪክ የተነካካው ቢያንስ ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ ነው ማለት ነው።

ስለ ቃላት ካነሣሁ ክትባትን ማለፍ አልችልም። ከተበ በግእዝ ጻፈ ነው፤ ክታብ በአንገት የሚንጠለጠለው ጽሑፍ ነው፤ የዓረብኛው ኪታብም ከዚሁ ሥር ነው። የፈንጣጣ ክትባት ክንድን ጭሮ ምልክት ይተው ስለነበር ቆዳ ላይ እንደ መጻፍ መቆጠሩ ያስኬዳል። ዶሮ ግን አትጫርም። ለጫጩት አንዲት ጠብታ ዓይኗ ውስጥ ይደረጋል፣ ዓይኗን ጨፈን እስክታደርግ ይጠበቃል፤ ወይም ክትባቱ በመጠጥ ውኃ ይበጠበጣል። በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ሙቀትን የሚቋቋም የኒውካስል ክትባት ያመርታል። ማቀዝቀዣ ለሌለው የገጠር ቀበሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይህ ክትባት ኒውካስልን እንጂ የወፍ ኢንፍሉዌንዛን አይከላከልም። የስሙ አንድ መሆን ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ «ፈንግል አስከትቤ ነበር፣ ዶሮዎቼ ግን አለቁ» የምትል ሴት ክትባቱን ትጠራጠራለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ጫጩቶቿን አታመጣም።

ሁለቱን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፤ የሚለይበትም ዘዴ ቀላልና ውብ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ሄርስት የተባለ ተመራማሪ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የዶሮን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያጣብቅ አየ። ቫይረሱ ላይ ያለው አጣባቂ ሄማግሉቲኒን የተባለው ከዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በግሪክ ደም፣ ሁለተኛው በላቲን ሙጫ ነው። የወፍ ኢንፍሉዌንዛውን ቫይረስ ኤች5ኤን1 ስንል «ኤች» የምትወክለው እሱን ነው። ምርመራው ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ይሠራል። ቫይረስ የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ደሙ ተንሸራቶ ታች እንደ ቀይ አዝራር ይቀመጣል፤ ቫይረስ ካለበት ተጣብቆ በስሱ ይዘረጋል። ኒውካስልም ደም ያጣብቃልና ይህ ብቻ አይበቃም። ሠራተኛው ኒውካስልን ብቻ የሚያውቅ ሴረም ይጨምራል፤ አዝራሩ ከተመለሰ ኒውካስል ነው፤ ካልተመለሰ ሌላ ነገር ነው፣ ፍለጋውም ይቀጥላል። ይህን ሥራ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሊሠራው ይችላል፤ ናሙና ግን ከባሌ መሄድ አለበት። መዝገቡ ላይ «ፈንግል» ተብሎ ከተዘጋ የሚላክ ነገር የለም።

ስም የወጣለት በሽታ ሁሉ የሚያዘናጋ አይደለም። የከብቱን መቅሠፍት አባቶች ደስታ ብለውት ነበር፤ ክፉውን በበጎ ስም ማባበል ይመስለኛል። በክፉ ቀን አብዛኛውን ከብት የፈጀው እሱ ነው። ደስታ ግን ክትትልና ክትባት ተደርጎበት በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያ የሆነው ጥርጣሬ በምርመራ ስለተጣራም ነው።

የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በየካቲት 2006 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ናይጄሪያ ላይ ሲገኝ ወሬው አዲስ አበባ ገበያ ደረሰ፤ ዋጋ ወደቀ፣ የጎዳውም ሽሮዋን በዶሮ ዋጋ የምትሸምተውን ሴት ነበር። ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ዶሮ ሲያልቅ ናሙና ተወስዶ ኤች5ኤን1 አልተገኘበትም። ሥጋቱ ግን ባሌ ላይ የራቀ አይደለም። የኢንፍሉዌንዛ ኤ የተፈጥሮ ማደሪያ የውኃ ወፍ ነው። ሳኔቲ አምባ ላይ፣ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ፣ ሐይቆቹ ዳርና ረግረጉ ላይ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይውላል፤ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችም ያርፋሉ። ጎባ ከዚያ አምባ ሥር ናት፤ ሮቤ ደግሞ ከጎባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

እኔ የምለው ቃሉ ይጣል አይደለም። ፈንግል ከኒውካስል ይልቅ ለሰሚው ብዙ ይናገራል፤ ሴቶቹም ሐኪም ሳይደርስ በሽታውን የሚያውቁት በእሱ ነው። የጤና ባለሙያው ግን ቃሉን ሰምቶ ከመጻፉ በፊት ጥቂት ይጠይቅ፤ አንገት ተቆለመመ ወይ? ዳክዬም ሞተ ወይ? ሳኔቲ ላይ የሞተ ዝይ የታየ አለ ወይ? ከገበያ የገባ አዲስ ዶሮ ነበር? የታመመችውስ ተሽጣለች ወይስ ተቀብራለች? መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ የሞተችውን በባዶ እጅ ሳይነካ ናሙናዋን ወደ ሰበታ ይላክ።