የንዳድ ስሞችና ታሪካቸው

በሕክምና መጻሕፍት ከምናገኛቸው የበሽታ ስሞች ብዙዎቹ የበሽታው መንስኤ ከመታወቁ ከረጅም ዘመን በፊት የወጡ ናቸው። የሚናገሩትም ታማሚው የተሰማውን ወይም ሐኪሙ የገመተውን ነው። ለዚህ የወባ ስሞች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

የእንግሊዝኛው «ፊቨር» ከላቲኑ «ፌብሪስ» የተወሰደ ሲሆን፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ጽሑፍም ይገኛል። «ኤግዩ» የተባለው አሮጌ ቃል ደግሞ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳትን ያመለክት ነበር። መነሻው «ፌብሪስ አኩታ»፣ ማለትም «ስለታም ትኩሳት» የሚለው የላቲን ሐረግ ነው። ሐረጉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ስሙ ወድቆ ቅጽሉ ብቻ ቀረ። በየዕለቱ በታካሚ ካርድ ላይ የምንጽፈው «አኪዩት» የዚሁ ቃል ወንድም ነው።

«ተርሽያን» እና «ኳርታን» ከላቲን «ሦስተኛ» እና «አራተኛ» የመጡ ናቸው። ሮማውያን ትኩሳቱ የተነሣበትን ቀን ጨምረው ይቆጥሩ ስለነበር በየ48 ሰዓቱ የሚመለሰው «የሦስተኛ ቀን»፣ በየ72 ሰዓቱ የሚመለሰው «የአራተኛ ቀን» ተባለ። «ማላሪያ» ደግሞ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 ጥገኛ ተሕዋሲውን በሰው ደም ውስጥ፣ ሮስ በ1897 በትንኝ ውስጥ ካገኙት በኋላ አየሩ ከጥፋቱ ነጻ ወጣ፤ ስሙ ግን ሳይለወጥ ቀረ።

የእኛው «ንዳድ» «ነደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ደገኛው የቆላ ንዳድን ስለሚፈራ ለእርሻ ወርዶ ሳይመሽ ወደ ደጋው ይመለስ ነበር። ትንኟን ባያውቃትም ቦታዋንና ሰዓቷን ለይቶ ነበር። ይሁን እንጂ ደጋ ሁልጊዜ መጠጊያ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ወባ እምብዛም ወደማይታወቅባቸው ከፍታዎች ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው ከሚሴ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ይህን ታሪክ ከታካሚዎቹ አንደበት ይሰማል። አንዱ በአማርኛ «ወባ»፣ ሌላው በኦሮምኛ «ቡሳ» ይላል። በሁለቱም ቋንቋ «ምች ነው» የሚልም አለ። ምች ፀሐይ መታኝ የሚል ግምት ያዘለ ስም በመሆኑ መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው፤ ሕፃኑም ቅጠሉ እየታሸለት ቤት ይቆያል። በፋልሲፓረም ወባ ለተያዘ ሕፃን ግን የአንድና የሁለት ቀን መዘግየት ራስን ወደ መሳት ሊያደርስ ይችላል።

እናቲቱ «ምች» በማለቷ ልንነቅፋት አይገባም። እኛም «መጥፎ አየር» የሚለውን ስም በየመዝገባችን እንጽፋለን። ልዩነቱ እኛ ከስሙ አልፈን ደም መመርመራችን ነው። ስለዚህ ስሟን ለማረም ከመቸኮላችን በፊት ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ በቋንቋዋ እንጠይቃት፤ የሕፃኑንም ደም ወዲያውኑ እንመርምር።