መመሪያውን ማን ይጻፈው?

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። ግን አበው ሶፍትዌር አላዩም። ሶፍትዌር በየጊዜው መልኩን ይቀይራል፤ ስለ እሱ የተጻፈው ደግሞ የሚነካው ካጣ ባለበት ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ በሶፍትዌር ሰፈር ተረቱ ትንሽ ጭማሪ ይፈልጋል፤ በመጽሐፍ ያለም የሚያድሰው ካጣ ሰው ያሳስታል።

ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ ላይብረሪን መመሪያ ታሪክ ነው። ላይብረሪ ስል መጻሕፍት የተደረደሩበትን ቤት ማለቴ አይደለም። ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው፣ እናንተ ከባዶ ከመጀመር እየጠራችሁ የምትጠቀሙበት የኮድ ስብስብ ነው። የኛው ባለታሪክ ናምፓይ ይባላል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች የቁጥር ሰንጠረዦችን በፍጥነት ያሰላል። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም ጉድ ብሎ ያየው የመጀመሪያው የብላክ ሆል ምስል ሲቀናበር ናምፓይም እጁ ነበረበት። (ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

“ታዲያ ኮዱ ከሠራ መመሪያ ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። እስቲ በምሳሌ እንየው። ባለ ሁለት ረድፍ ሰንጠረዥ ውሰዱ፤ ላይኛው ረድፍ 1 እና 2፣ ታችኛው 3 እና 4። ሰንጠረዡን በራሱ አባዙት። በናምፓይ “አሬይ” አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ ያባዛና 1 እና 4፣ 9 እና 16 ይላችኋል። “ማትሪክስ” አድርጋችሁት ከሆነ ግን የሂሳብ መምህራችን እንዳስተማሩን ረድፉን ከዓምዱ ጋር ያባዛና 7 እና 10፣ 15 እና 22 ይላችኋል። የማባዣው ምልክት ያው ነው፣ ቁጥሮቹም ያው ናቸው፣ መልሱ ግን ሌላ።

በኦብጀክት ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም ጠባዩ እንዲህ ነው። ምልክቱ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የያዛችሁት ነገር ዓይነት ነው። ክፋቱ፣ ኮምፒዩተሩ በሁለቱም ጊዜ “ተሳስታችኋል” አይልም። ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጣችኋል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ መመሪያው ብቻ ነው። መመሪያው ከጎደለ አንድ ተመራማሪ የተሳሳተ ውጤቱን ይዞ በሰላም ቤቱ ይገባል።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1995 ጂም ሁጉኒን የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ ኑሜሪክ የተባለውን ላይብረሪ ጻፈ። ቆየት ብሎ የሀብል ቴሌስኮፕን መረጃ የሚይዘው ተቋም ሰዎች፣ ኑሜሪክ ለግዙፍ መረጃ አልመች ቢላቸው፣ ኑምአሬይ የሚባል ሌላ ላይብረሪ ሠሩ። ለትልቁ ሰንጠረዥ ኑምአሬይ ይፈጥናል፣ ለትንሹ ኑሜሪክ። ተጠቃሚው ለሁለት ተከፈለ። በ2005 ትራቪስ ኦሊፋንት የተባለ፣ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ያስተምር የነበረ ሰው “ላስታርቃቸው” ብሎ ተነሣ። ሽምግልናው ሠመረለት። ናምፓይ 1.0 በ2006 መጨረሻ ገደማ ወጣ።

ኦሊፋንት ኮዱን በነጻ ለቀቀ። መመሪያውን ግን ሸጠ።

አዎ፣ ሸጠ። “የናምፓይ መመሪያ” ብሎ የጻፈውን መጽሐፍ የፈለገ በገንዘቡ ይገዛ ነበር። ውል ነበረው፤ ሽያጩ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ወይም የተባለው ጊዜ ሲያልፍ መጽሐፉ ለሁሉም ነጻ ይሆናል። እዚህ ላይ ቶሎ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሰውዬው ሺህ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ነገር ያለ ክፍያ ሠርቷል። ከጻፈው ነገር ቢያንስ ጥቂቱ ቢከፍለው ምን ነውር አለው?

በሌላ በኩል ደግሞ የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን ቀደም ብሎ ያነሣው ክርክር አለ። ፕሮግራሙን ማንም ሰው ማሻሻል ከቻለ መመሪያውንም ማሻሻል መቻል አለበት፤ አለዚያ ኮዱ ወደፊት ይሄዳል፣ ጽሑፉ ወደ ኋላ ይቀራል። በ2000 በተለይ ለመመሪያ የታሰበ ነጻ ፈቃድ ያወጡትም ለዚሁ ነው። የሁለቱ ሰዎች ጥያቄ ይለያያል። አንዱ “የጸሐፊውን እንጀራ ማን ይችላል?” ይላል። ሌላው “ነገ ማን ያርመዋል?” ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም እውነት አላቸው።

በዚህ መሀል ጆ ሃሪንግተን የሚባል የፕላኔት ተመራማሪ መጣ። በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በ2007 ተማሪዎቹን የመረጃ ትንተና በናምፓይ ሊያስተምር ሲነሣ መመሪያው ጎዶሎ ሆኖ አገኘው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ተራግሞ ያልፋል። ሃሪንግተን ግን ሥራው ባለቤት ያስፈልገዋል ብሎ ስቴፋን ቫን ደር ዋልት የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ለ2008 በጋ የመመሪያ አስተባባሪ አድርጎ ቀጠረ። ዘመቻውን “የዶክዩመንቴሽን ማራቶን” አሉት። ብዙ ለጻፈ ሰው ሽልማቱ ቲሸርት ነበር!

አሠራሩን ሳነብ ጋዜጠኝነት የተማርኩበት ክፍል ነው ትዝ ያለኝ። በፓይተን የእያንዳንዱ ፋንክሽን ማብራሪያ እዚያው ኮዱ ውስጥ ይቀመጣል። ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው እሱን ለመንካት ይፈራል። እነ ቫን ደር ዋልት ማብራሪያዎቹን ብቻ አውጥተው ማንም በኢንተርኔት ገብቶ የሚያስተካክልበት ሥርዓት ዘረጉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ደረጃ ነበረው፤ እየተጻፈ ያለ፣ ግምገማ የሚጠብቅ፣ የተገመገመ፣ የመጨረሻ እርማት ያለፈ። ሪፖርተር፣ አርታዒ፣ አራሚ ማለት አይደል? አጻጻፉንም አንድ ወጥ አደረጉት። ምን ይቀበላል፣ ምን ይመልሳል፣ ከማን ጋር ይዛመዳል፣ ከዚያ ምሳሌ።

በዚያው ዓመት በኦገስት የኦሊፋንት መጽሐፍም ነጻ ወጣ። ብዙው ክፍሉ ዛሬ ባለው የናምፓይ ማመሳከሪያ ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ የተሸጠው መጽሐፍና በቲሸርት የተጻፈው ማብራሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን መመሪያ እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ምርጊት ይፈልጋል። ያ ማትሪክስ ትዝ ይላችኋል? በ2015 ፓይተን ለማትሪክስ ማባዣ የራሱ ምልክት አገኘ። ከዚያ ወዲህ መመሪያው “ማትሪክስ የሚለውን ዓይነት መጠቀም አይመከርም” ማለት ጀመረ። ትናንት ትክክል የነበረ ምክር ዛሬ መቀየር ነበረበት። በ2021 ደግሞ አንዳንድ የቁጥር ዓይነቶች አሮጌ ስማቸው እንዲቀር ተወሰነ፤ በ2022 መጨረሻ ጭራሹኑ ተሰረዘ። አሮጌ ማስተማሪያ ከየትም አውርዶ የሚከተል ተማሪ የሚያገኘው መልስ የስህተት መልእክት ነው። በ2024 የወጣው ናምፓይ 2.0 ብዙ ነገር ስለለወጠ የመሸጋገሪያ መመሪያ ተጽፎለታል። መመሪያ ለመመሪያ!

ገንዘቡስ? ናምፓይ በቀጥታ ዳጎስ ያለ ድጋፍ ያገኘው በ2017 ነው፣ ከተወለደ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። በ2020 ሜሊሳ ዌበር ሜንዶንሳ የተባለች ብራዚላዊት የሂሳብ ምሁር ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መመሪያው በአራት እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበች፤ ለጀማሪ ትምህርት፣ ለተቸገረ መፍትሔ፣ ለሚፈትሽ ማመሳከሪያ፣ ምክንያቱን ማወቅ ለሚፈልግ ማብራሪያ። አንባቢው አንድ ዓይነት ሰው እንዳልሆነ የገባው ሰው ሐሳብ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። መመሪያው የተስተካከለው ችሎታ ያለው ሰው ስለበዛ አይደለም። ችሎታ ያለውማ ከመጀመሪያውም ነበር። የተስተካከለው አንድ ሰው “ይሄ የኔ ሥራ ነው” ባለ ጊዜ ነው። ያ ሰው ሲደክመው ወይም ሲሄድ ሌላ ካልተተካ ክረምቱ ምርጊቱን ያጥበዋል። ኮድ የጻፈ ስሙ ይነሣል። ማብራሪያውን ያረመ ግን ማን ያውቀዋል?

እና ወዳጆቼ፣ ኮድ የማትጽፉ፣ ግን አረፍተ ነገር ማቃናት የምትችሉ ካላችሁ፣ በዚህ ሰፈር የእናንተ ወንበር ባዶ ነው። ሰው ይፈለጋል። ደመወዙን ግን እንጃ፤ ምናልባት ቲሸርት።

ቸር እንሰንብት።