መንገደኛውን ማን ይቀበለዋል?

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጅሮች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲገቡ የሻቱት እምነታቸውን የሚጠብቁበት መጠጊያ ነበር። በኋለኞቹ ዘመናት ከዚሁ ምድር የተነሡ ደረሶች ለዕውቀት ሲሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዙ፤ በካይሮው አል-አዝሀርም የጀበርቲ ሪዋቅ የተሰኘ ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን የተወለደው ታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው በዚሁ መንገድ ለትምህርት ከሄደ አባት ነው። ዛሬ ባሕሩን የሚሻገሩት አብዛኞቹ ወጣቶች እንጀራ ፈላጊዎች ናቸው።

ሐላል ሲሳይ መፈለግ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ሙሃጅሩን ፍትሐዊ ንጉሥ፣ ደረሳውን ሪዋቅ ተቀበለው፤ የዛሬውን መንገደኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ደላላ ነው። ስለዚህ ኢማሙ ለተጓዡ ዱዓ ከማድረጉ በፊት «ማን ይቀበልሃል?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።