ወንዝ ሳትሻገር የተሻገረች መንደር

የአሜሪካን ካርታ ዘርግቶ የኢሊኖይን ግዛት ምዕራባዊ ወሰን በጣቱ የሚከተል ሰው ብዙ አይቸገርም። ወሰኑ ሚሲሲፒ ነውና ወንዙ በታጠፈበት እየታጠፈ ቁልቁል ይወርዳል። ከሴንት ሉዊስ ከተማ በስተደቡብ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ይደናቀፋል። ወሰኑ ወንዙን ትቶ ወደ ምዕራብ ይዞርና ጥቂት ተጉዞ ተመልሶ ከወንዙ ጋር ይገናኛል። እኔ መጀመሪያ ሳየው የካርታ ሠሪው ስህተት መስሎኝ ነበር። ስህተት አልነበረም። በዚያች ከወንዙ ማዶ በቀረች ቁራሽ መሬት ላይ ካስካስኪያ የምትባል መንደር አለች። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 21 ብቻ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህች መንደር በአንድ ወቅት የኢሊኖይ ዋና ከተማ ነበረች ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው።

በ1703 ፈረንሳውያን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን፣ ካስካስኪያ ከተባሉት የአገሩ ተወላጆች ጋር በሚሲሲፒና በካስካስኪያ ወንዞች መካከል ባለው ለም ሜዳ ላይ ሰፈሩ። የመንደሩ ስም የተወሰደው ከእነዚሁ ተወላጆች ነው። ሜዳው ስንዴ ያበቅል ነበር፤ ዱቄቱም በጀልባ ተጭኖ እስከ ኒው ኦርሊንስ ይወርዳል። ከአራሾቹ መካከል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እንደነበሩበት መዘንጋት አይገባም። በ1741 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አንድ ደወል በስጦታ ላከ።

በ1763 አካባቢው ለእንግሊዝ ተላለፈ። ሐምሌ 4 ቀን 1778 ሌሊት ደግሞ ከቨርጂኒያ የመጣው ጆርጅ ሮጀርስ ክላርክ ከጥቂት ጭፍሮቹ ጋር ገብቶ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ከተማዋን ያዘ። የንጉሡ ደወል ያን ዕለት ለደስታ ተደወለ ይባላል፤ ዛሬም «የምዕራቡ የነፃነት ደወል» እየተባለ ይጠራል። ከ1809 ጀምሮ ካስካስኪያ የኢሊኖይ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። የግዛቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት የተረቀቀው እዚያው በ1818 ነው። የነፃነት ደወል ባለባት ከተማ የተጻፈው ይህ ሕግ ግን ቀድሞ በባርነት የነበሩትን ሰዎች ነፃ አላወጣም። በ1820 መንግሥቱ ወደ ቫንዳሊያ ሄደ። የስሙ ባለቤቶችም አልቆዩም። መሬታቸውን በ1803ና በ1832 በተፈረሙ ውሎች አጥተው ወደ ምዕራብ ተገፉ፤ ተወላጆቻቸው ዛሬ በኦክላሆማ ይገኛሉ። ወንዙ ከመምጣቱ በፊት ከተማይቱን ጥለው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ «ወንዝ በላት» በሚል አጭር አነጋገር ይዘጋል። በ1844 ታላቅ ጎርፍ ከተማይቱን መታ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአውራጃው አስተዳደር ወደ ቼስተር ተዛወረ። በሚያዝያ 1881 ደግሞ ሚሲሲፒ ከከተማይቱ በላይ ሁለቱን ወንዞች የሚለየውን ቀጭን መሬት ቆርሶ በካስካስኪያ ወንዝ ቦይ ውስጥ ገባ። ትንሹ ወንዝ መውረጃው ሲነጠቅ ታላቁ ወንዝ ከከተማይቱ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተሻገረ። ካስካስኪያ ካለችበት ሳትነቃነቅ የወንዙን ማዶ ለማዶ ሆነች። በቀጣዮቹ ዓመታትም አዲሱ ወራጅ የአሮጌይቱን ከተማ ቤቶች አንድ በአንድ እየናደ ወሰዳቸው።

እኛ አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ሚሲሲፒን ካስካስኪያ ላይ ያዞረው አንዱ ምክንያት ግን የተቆረጠው ግንድ ነው። ከ1811 በኋላ በወንዙ ላይ የበዙት የእንፋሎት መርከቦች የሚነዱት በማገዶ ነበር። ማገዶው የሚገኘው ከዳርቻው ደን ነው። ዛፉ አልቆ አፈሩን የሚይዝ ሥር ሲጠፋ ዳርቻው ይናዳል፤ ወንዙ እየሰፋና እየደለለ ሄዶ መንገዱን ለመለወጥ ይቀለዋል። አካባቢውን ያጠኑ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ትንተና ይኸው ነው። ለዚህ ነው «ወንዝ በላት» የሚለው ቃል ለእኔ ግማሽ እውነት የሚሆንብኝ። መጥረቢያው ከውሃው ቀድሞ ነበር።

ሰዎቹ ማዳን የሚችሉትን አዳኑ። የሙታናቸውን አፅም ከመቃብር አውጥተው በምሥራቅ በኩል ወዳለው ኮረብታ አሻገሩ። ቤተ ክርስቲያናቸውን በ1893 ነቅለው በደሴቲቱ ላይ ራቅ ብሎ ተከሉት። ደወሉም ተረፈ።

ወሰኑስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1892 ነብራስካና አዮዋ በተከራከሩበት ጉዳይ እንዳረጋገጠው፣ ወንዝ ዳርቻውን ቀስ በቀስ እየበላ ሲሄድ ወሰንም አብሮት ይሄዳል፤ በድንገት ዘሎ አዲስ መንገድ ሲይዝ ግን ወሰን በቀድሞ ስፍራው ይቀራል። ካስካስኪያ በዚህ ደንብ የኢሊኖይ ሆና ቀረች። በመኪና የሚገባባት ግን በሚዙሪ በኩል ነው፤ የፖስታ ቁጥሯም የሚዙሪ ነው። አንድ ነዋሪ ለአስተዳደር ጉዳይ ወደ ቼስተር መሄድ ቢፈልግ በመጀመሪያ ወደ ሚዙሪ ይወጣል፣ ከዚያ ሚሲሲፒን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ገዛ ግዛቱ ይመለሳል።

ወንዙ በ1993 ዳግመኛ መጣ። በዚያ በጋ የደሴቲቱ መከላከያ ግድብ ተጥሶ እርሻው፣ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በውሃ ተሞሉ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ አልተመለሱም። በ2000 ቆጠራ መንደሪቱ ውስጥ የተገኙት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ በ2010 አሥራ አራት ሆኑ፤ ከዚያ ነው 21 የደረሱት።

ይህን ቁጥር ደጋግሜ አየዋለሁ። ለትልቅ አገር ቆጠራ ምንም አይደለም። ነገር ግን ዘጠኝ ወደ 21 ያደገው ሰው ወንዙ የት እንደሚያልፍ ጠንቅቆ በሚያውቅበት መሬት ላይ ነው። ግድቡ ተጠግኗል፣ ሜዳው ይታረሳል። ንጉሡ የላከው ደወልም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በተሠራለት ትንሽ የጡብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።