ቀስታቸውን ያልተዉት አዛውንት

ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ስሜትን ነው። ወኔው ሲመጣ ለሳምንት ያህል በማለዳ ተነስተን እንሮጣለን፤ ወኔው ሲሄድ ሩጫውም አብሮ ይሄዳል። ቀደምቶቻችን ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ይዘውት ነበር። ለዚህ ታላቁ ሶሓባ ዑቅባ ኢብን ዓሚር አል-ጁሀኒ (ረ.ዐ) ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ዑቅባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ በግ የሚጠብቁ ወጣት ነበሩ። መንጋቸውን ትተው መጡና ቃል ኪዳን ገቡ። በኋላም ቁርኣንን ባማረ ድምፅ በመቅራትና በፊቅህ እውቀታቸው ታወቁ። ከ44 እስከ 47 ዓመተ ሂጅራ ግብፅን አስተዳድረዋል፤ በ58 ዓመተ ሂጅራም እዚያው አርፈዋል።

ኢማሙ ሙስሊም ባስተላለፉት ዘገባ መሠረት፣ ዑቅባ ካረጁም በኋላ በሁለት ዒላማዎች መካከል እየተመላለሱ ቀስት መወርወር ይለማመዱ ነበር። ፉቀይም አል-ለኽሚ የተባለ ሰው ይህን አይቶ፣ በዚህ ዕድሜ ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ጠየቃቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ከአላህ መልእክተኛ የሰሙት ቃል ባይኖር ኖሮ ራሳቸውን ባላደከሙ ነበር። ቃሉም ውርወራን ተምሮ የተወውን ሰው አጥብቆ የሚወቅስ ነው።

ውድ አንባብያን! እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አዛውንቱ «ደስ ይለኛል» አላሉም። ጉልበት እንደሚሰጣቸውም አልተናገሩም። ድካም መሆኑን አልካዱም። ወደ ዒላማው የወሰዳቸው የዕለቱ ስሜት ሳይሆን ከዓመታት በፊት የተቀበሉት ቃል ነበር። ስሜት ይለዋወጣል፤ ቃል ግን ባለበት ይቆያል።

በእርግጥ የሐዲሱ ተግሣጽ ስለ ውርወራ እንጂ ስለ ማለዳ ሩጫ የተነገረ አይደለም፤ ያንን ጎትተን እዚህ ልናመጣው አይገባም። የምንማረው ከአያያዛቸው ነው። አኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስም አላህ ዘንድ እጅግ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

ከዘመናት በኋላ የኢስታንቡል ቀስተኞች መዘውተርን ሥርዓት አበጁለት። ሱልጣን መሕመድ ዳግማዊ ከተማይቱን በ1453 ከከፈቱ በኋላ «ኦክሜይዳኒ» የተባለውን ሜዳ ለቀስተኞች ሰጡ። እዚያ ጀማሪ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ጠንካራ ቀስት አይሰጠውም ነበር። «ኬፓዜ» የሚባለውን ልል ቀስት እየደጋገመ መሳብ ነበረበት፤ ክንዱ ሲጠና ወደ ጠንካራው ይሸጋገራል። ተማሪው በቀስተኛነት መዝገብ የሚሰፍረው ፍላጻውን 900 ገዝ፣ ማለትም 600 ሜትር ገደማ፣ መላክ ሲችል ነበር። እዚያ የሚያደርሰው የአንድ ቀን ወኔ ሳይሆን ማንም የማያጨበጭብለት የዕለት ተዕለት መሳብ ነው።

እኛስ? ሰውነታችን አማና ነው። በስተርጅና ያለ ደጋፊ ቆሞ መስገድ፣ ጉልበትን አጥፎ ሱጁድ መውረድ፣ የሐጅን መንገድ በእግር መጓዝ የማይመኝ ማን አለ? ለዚህ ብዙ አያስፈልግም። በቀን አምስት ጊዜ የሚጠራን አዛን እያለ የሰዓት እጥረት ሰበብ አይሆነንም። ከፈጅር በኋላ ሩብ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ዓስርን ሰግዶ ልጆችን ይዞ ሰፈሩን መዞር ይቻላል። የታመመ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የደከመው ቀን ግማሹን ይሂድ። ግን ይሂድ። ልጆቻችንም አባትና እናታቸው ሳይሰለቹ ሳይሆን ሰልችተውም እንደሚነሱ ይዩ።

አላህ ጤናችንን ለዒባዳ የምንጠቀምበት፣ በጀመርነው መልካም ሥራም የምንጸና ያድርገን። አሚን።